ኤምቢኤ አሁን ወይስ ቆይቶ? ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ ለሚያመነታ ሠራተኛ

ባለፈው መስከረም ከአንዲት የመሥሪያ ቤታችን ልጅ ጋር ደሴ ፒያሳ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ፣ ሻዩ እንዳይነካው ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ ዘረጋችው። የኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻ ቅጽ ነው። ስሟ፣ የተመረቀችበት ዓመት፣ ውጤቷ፣ ስልኳ ሁሉም በጥንቃቄ ተሞልቷል። "ለመማር የፈለጉበት ምክንያት" የሚለው መስመር ብቻ ባዶውን ነው።

"ጋሼ፣ እዚች ጋ ምን ልበል?"

"ለምንድነው የምትማሪው?"

ሳቀች። "ሁሉም እየተመዘገበ አይደል እንዴ? እኔ ብቻዬን ልቅር?"

አልፈረድኩባትም። እኔም የመጀመሪያውን የተመዘገብኩት ከሰው ላለመቅረት ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ገና ዓመት ከስድስት ወር ነበር፤ ኮምቦልቻ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። ሦስት ጓደኞቼ ሲመዘገቡ አብሬ ገባሁ፣ አንዱን ሴሚስተር ጨርሼ ሁለተኛውን ሳጋምስ ተውኩት። የከፈልኩት ገንዘብም በዚያው ቀረ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ጀምሬ ጨረስኩ። ኮርሱ ያው ነበር፣ መጽሐፉም ያው። ከዚህ በታች ያለው ለልጅቷ በዚያ ቀን የነገርኳት ነው፤ በኋላ ተረጋግቼ ሳስብ የጨመርኩትም አለበት።

1. ኮሌጅ ከመዞራችሁ በፊት የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ

አንድ ደብተር ያዙ። ለሁለት ወር ያህል በቴሌግራም ይሁን፣ በጋዜጣ ይሁን፣ በመሥሪያ ቤት ቦርድ፣ የምትመኙትን ዓይነት መደብ ባያችሁ ቁጥር ጻፉ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ መደቡ፣ የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምዱ፣ የሥራ ቦታው። ሃያ ሲሞላ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ደጋግማችሁ የምታገኙት "ቢኤ ዲግሪና 6 ዓመት ወይም ኤምኤ ዲግሪና 4 ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ዓይነት አጻጻፍ ነው። ቁጥሩ ከመደብ መደብ ይለያያል። ትርጉሙ ግን አንድ ነው፦ ሁለተኛ ዲግሪው በቀጣሪው ዘንድ በሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ተመንዝሯል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው።

ሁለት ዓመት ልምድ ያላት ልጅ ሥራዋን ሳትለቅ በኤክስቴንሽን ብትጀምርና በሁለት ዓመት ብትጨርስ፣ ስትመረቅ ልምዷ አራት ይሆናል። ማስተርስ አላት፣ ለመደቡ ትወዳደራለች። ያልተማረው ጓደኛዋ ገና ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ለእሷ ትምህርቱ ሁለት ዓመት አትርፎላታል።

አራት ዓመት ልምድ ይዛ የጀመረችውስ? ስትጨርስ ስድስት ይሞላታል። በስድስት ዓመት ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪዋም መወዳደር ትችል ነበር። ለዚያ መደብ ሲባል ከሆነ የተማረችው ምንም አላሳጠረችም።

ሦስተኛዋ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ሥራዋን ለቃ ሬጉላር ገባች። ስትመረቅ ልምዷ እዚያው ሁለት ላይ ቆሟል። ሁለት ዓመት መሥራት ይቀራታል። ስትደርስ፣ ሳይማር ሲሠራ የቆየው ጓደኛዋም በዚያው ቀን በሩ ላይ ደርሷል፤ እሱ በመሀል ደመወዙን ሲበላ ከርሟል።

አንድ ነገር ግን ጠይቁ። አንዳንድ ቀጣሪ የሚቆጥረው ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ያለውን ልምድ ብቻ ነው። ይህ ከሆነ ከላይ ያለው ሒሳብ ይፈርሳል። የሰው ኃይል ክፍል ሄዳችሁ "ልምዱ የሚያዘው ከዲግሪው በፊት ያለውንም ጨምሮ ነው ወይ?" በሏቸው። አንድ ደቂቃ የማትፈጅ ጥያቄ ናት፤ ሰው ግን አፍሮ ሳይጠይቅ ሁለት ዓመት ይማራል።

ደብተራችሁ ላይ "ሁለተኛ ዲግሪ ያለው/ያላት" ብሎ አማራጭ የማይሰጥ መደብ በርክቶ ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ ኮሌጅ ለማስተማር የምታስቡ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ በሩ ያለዚያ አይከፈትም። ከሃያው አሥራ አምስቱ ማስተርስን ጨርሶ ካላነሱት ደግሞ፣ እሱም መልስ ነው።

2. ከሥራችሁ የመጣ ጥያቄ አላችሁ ወይ?

በወረቀት ሒሳብ ከሄድን ቶሎ የጀመረ ያተርፋል። ታዲያ እኔ ቶሎ ጀምሬ ለምን ተውኩት? ምክንያቱም አስተማሪው የሚያወራው ነገር በእጄ አልነበረም። "ወርኪንግ ካፒታል" (ለዕለት ተዕለት ሥራ ማንቀሳቀሻ የሚሆን ገንዘብ) ሲል ትርጉሙን እጽፋለሁ፣ እሸመድዳለሁ፣ ፈተና ላይ አራግፈዋለሁ። ካሸር ነኝ፤ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ።

በኋላ ወደ ኮስት ክፍል፣ የምርት ወጪ ወደሚሰላበት፣ ተዛወርኩ። አንድ ዓመት መዝገቡ ትርፍ ያሳያል፣ ነገር ግን ጥሬ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ የለም፤ ደመወዝ ራሱ በኦቨርድራፍት፣ ከሒሳባችን በላይ ከባንክ በምንወስደው ብድር ነው የሚከፈለው። የት ሄደ? አንድ ቀን ለቆጠራ መለዋወጫ ስቶር ገባሁ። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ሞልቷል። አንድ ካርቶን ሳነሳ አቧራው አፌ ገባ፤ ውስጡ ኩሽኔታ ነው። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ሳየው የመጨረሻው ወጪ የተመዘገበው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ከአጠገቡ ሌላ አለ፣ ከሱ አጠገብ ሌላ። ገንዘባችን እዚያ ተደርድሮ ይተኛል! ስንት መግዛት ነበረብን? በየስንት ጊዜው? ይህን ማን ነው የሚወስነው፣ በምን? ያን ጊዜ ነው ያ የሸመደድኩት ምዕራፍ ትዝ ያለኝ። ሁለተኛ ስመዘገብ ይህን ጥያቄ ይዤ ገባሁ፤ በኋላም የመመረቂያ ጽሑፌ ሆነ።

ስለዚህ ይህን አድርጉ። ባለፉት ስድስት ወራት ሥራ ላይ ገጥሟችሁ፣ ብታስቡ ብታስቡ መላ ያጣችሁለትን ሦስት ነገር ጻፉ። ሦስቱም "አለቃዬ ክፉ ነው" የሚሉ ከሆኑ፣ አብሽሩ፣ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ኤምቢኤ አይደለም። የዋጋ ትመና፣ የሠራተኛ መልቀቅ፣ የደንበኛ መሸሽ፣ የገንዘብ እጥረት እየተቀላቀለ ከመጣ ኤምቢኤ ቦታው ነው፤ ከሁሉም እየቆነጠረ የሚያስተምረው እሱ ነውና። ሁሉም ግብርና የዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ስታንዳርድ ላይ ካረፉ ግን የአካውንቲንግና ፋይናንስ ማስተርስ ወይም ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ይሻላችኋል። ኮንትራትና ጊዜ ገደብ ላይ ካረፉ ፕሮጀክት ማኔጅመንት አለ። ለመሐንዲስ ደግሞ ኤምቢኤ ጥሩ የሚሆነው ሰው ማስተዳደር ከጀመረ በኋላ ነው ባይ ነኝ።

በኔ ግምት ለአብዛኛው ሰው ደህናው ጊዜ ሁለተኛው ዓመት አልቆ አራተኛው ሳይሞላ ነው። ጥያቄ ለማፍራት ይበቃል፣ የማስታወቂያው ሒሳብም ገና አላለፈም።

3. ጭማሪውን በተጣራ አስሉ

ሰው "አራት ሺህ ብር ይጨመርልኛል" ይላል። አይጨመርለትም። ከ14,000 ብር በላይ በሆነው የወር ደመወዝ ላይ የሥራ ግብሩ 35 በመቶ ነው፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ። ለምሳሌ ከ16,000 ወደ 20,000 ብር ብታድጉ፣ ከጭማሪው 1,400 ለግብር፣ 280 ለጡረታ ይሄዳል። ኪስ የሚገባው 2,320 ብር ነው።

አሁን ወጪውን በሌላኛው ገጽ ጻፉ። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው፤ በእናንተው ተኩት። የትምህርት ክፍያ 70,000። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅዳሜና እሑድ ለመመላለስ፣ ባጃጁን ጨምሮ በቀን 200 ብር ቢሆን፣ በሁለት ዓመት 60 ቅዳሜና 60 እሑድ ብትሄዱ 24,000። ምሳ በ150 ብር፣ 18,000። ለኅትመት፣ ለመጠይቅ፣ ለኢንተርኔት 10,000። ድምሩ 122,000 ብር። ይህን ለ2,320 ስታካፍሉት ወደ 53 ወር ይመጣል። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። መቁጠር የሚጀምረውም መደቡን ካገኛችሁበት ቀን ነው፤ ጋዋን የለበሳችሁበት ቀን አይቆጠርም።

ይህን ስትሰሙ ተስፋ አትቁረጡ። ዕድሜያችሁ 27 ከሆነ አራት ዓመት ምንም አይደለም። 50 ከሆነ ግን ደጋግማችሁ አስሉት፤ ለዕውቀቱ ከሆነ ሌላ ነገር።

ክፍያውን ከምን ታመጣላችሁ? የኔ ምክር ዕቁብ ነው፣ ጊዜውን ካወቃችሁበት። የሴሚስተር ክፍያ የሚጠየቅበትን ወር አስቀድማችሁ ለዕቁቡ ዳኛ ንገሩና ዕጣ ከወጣለት ሰው ጋር ተቀያየሩ። ወሎ ውስጥ "ለትምህርት ነው" ብላችሁ የማይቀያየራችሁ ሰው ብርቅ ነው። ከወለድ ብድር ይህ ይሻላል። ዕቁብ አንስቶ ሶፋ መግዛት የለመደ ቤት ካላችሁ ግን ብሩ እጃችሁ በገባበት ቀን ሄዳችሁ ክፈሉት።

4. ዓመቱን ከሥራችሁ ጋር አስተያዩት

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ሒሳብ ክፍል የምትሠሩ ሰኔን ታውቁታላችሁ፤ መዝጊያ ነው፣ ቆጠራ ነው፣ እስከ ማታ ነው። በዚያው ወር የሴሚስተር ፈተና ቢገጥም ከሁለቱ አንዱ ይበላሻል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚያበቃ የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ የግብር ማሳወቂያ ጊዜው እስከ ጥቅምት 30 ነውና፣ መስከረምና ጥቅምትም ቀላል አይደሉም። ነጋዴ ከሆናችሁ የእናንተ ሰኔ የረመዳን መጨረሻና የአረፋ ሰሞን፣ ወይም የመስቀልና የገና ዋዜማ ነው። ኮሌጁን የትምህርት ካሌንደሩን ጠይቁና ከሥራችሁ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት።

መንገዱንም ቁጠሩ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ደሴ ነው፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ። ስለዚህ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ቢዝነስ ለመማር የሐረጎን ዳገት መውጣት አለበት። በኪሎ ሜትር ሃያ ምናምን ነው፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ግን ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ እየዳኸ ነው የሚሄደው። ከምሽቱ ክፍል ይልቅ የቅዳሜና እሑዱን የምመክረው ለዚህ ነው። ሽፍት የምትገቡ ከሆነ ደግሞ የሽፍት ለውጡን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ አግኙ። "ችግር የለም፣ እናመቻቻለን" ያለ ሱፐርቫይዘር ሲቀየር ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

ቤት ውስጥስ? ልጅ ልትወልዱ ያሰባችሁበት ዓመት፣ እናት አባት የሚታመሙበት ዓመት የራሱ ሴሚስተር አለው። አንዷ የክፍላችን ልጅ አራስ ሆና ስትማር እናቷ ሕፃኑን አዝለው ግቢው በር ላይ ይጠብቁ ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ወጥታ ታጠባለች። ጨርሳለች። ግን እናቷ ባይኖሩ?

የመመረቂያ ጽሑፉ ሌላው ጊዜ በሊታ ነው። ኮርሱ አልቆ ጽሑፉ ዓመት የጎተተባቸው ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልማረር። "የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ" የሚል ርዕስ ይዞ የባንክ ቅርንጫፍ የሚዞር ተማሪ ሞልቷል፤ የባንክ ልጆች መጠይቁን ሳያነቡ ሁሉንም "እስማማለሁ" ላይ ያጠቁሩታል። ሌላው ደግሞ ከፍሎ ያስጽፍና ዲፌንስ ላይ የራሱን ሠንጠረዥ ማንበብ ያቅተዋል። በቁጥር 2 ላይ የጻፋችሁትን ጥያቄ ርዕስ ካደረጋችሁት፣ መረጃውም እጃችሁ ላይ ነው፣ አድቫይዘሩም ያከብራችኋል። ከመሥሪያ ቤታችሁ መረጃውን የመጠቀም ፈቃድ ግን በመጀመሪያው ዓመት ጠይቁ።

5. ፈቃዱንና ወረቀቱን አጣሩ

የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለየፕሮግራሙ፣ ለየካምፓሱና ለየአሰጣጡ ነው። አዲስ አበባ በመደበኛ ኤምቢኤ የሚያስተምር ተቋም ደሴ ላይ በቅዳሜና እሑድ ለማስተማር ለዚሁ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፈቃዱን ኮፒ አሳዩኝ በሉ፤ የካምፓሱን ስም፣ ፕሮግራሙንና የሚያበቃበትን ቀን በዓይናችሁ እዩ። የሚቆጣችሁ ሬጅስትራር ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው አለ፤ ብዙዎች "ጋት" ይሉታል። የቋንቋ፣ የሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄ ነው። ከተመረቃችሁ ዓመታት ካለፉ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብን እንደገና መነካካት ግድ ነው፤ ሁለት ወር ስጡት።

ከዚያ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። በኮስት ሼሪንግ የተማራችሁ ከሆነ ዕዳችሁ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይኖር ኦሪጅናሉ አይለቀቅም። ከደመወዛችሁ ሲቆረጥ ኖሮ ከሆነም ተሰብስቦ መግባቱን አረጋግጡ፤ መሥሪያ ቤት ቀይራችሁ ከሆነ በተለይ። ይህ አንዱ ወረቀት ብቻውን ወር ሊፈጅ ይችላል። ማመልከቻው ሲከፈት ሳይሆን ከሦስት ወር በፊት ጀምሩት።

ወረቀታችሁን ሁሉ ስካን አድርጋችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ ልጆቼን ይዤ ስወጣ የትምህርት ማስረጃዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስመለስ መሳቢያው ራሱ አልነበረም። ምትክ ለማውጣት የተመላለስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

6. አሠሪው ልክፈል ካለ

ደስ ይላል፣ ግን ውሉን አንብቡ። ክፍያውን የሸፈነ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ዓመት የማገልገል ግዴታ ያስገባል፣ ዋስም ይጠይቃል። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ግዴታው ስንት ዓመት ነው፤ መሀል ላይ ብትለቁ የምትመልሱት ሙሉውን ነው ወይስ የቀረውን ድርሻ፤ እነሱ ቢቀንሷችሁስ? ኮምቦልቻ ለምንኖር የመጨረሻዋ ጥያቄ ቅንጦት አይደለችም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ሁላችንም ተስፋ ጣልንበት፤ በ2014 ታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የንግድ ዕድል ስታስወጣት ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። የምታልሙት መደብ በአንድ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ትምህርታችሁን በዚያ አንድ መደብ ስም አትጀምሩ።

7. ውጭ አገር ለምታስቡ

ባጭሩ፣ አትቸኩሉ። ታዋቂዎቹ የውጭ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ፤ ከተመረቁ በዓመቱ ማመልከት ዕድልን ያሳንሳል። ጂማት ወይም ጂአርኢ የሚባሉትን የመግቢያ ፈተናዎች ከተፈተናችሁ ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ጭንቅላታችሁ ገና ከትምህርት ሳይርቅ ተፈትኖ፣ እየሠሩ መጠበቅ ይቻላል። እዚህ ማስተርስ ይዛችሁ ሌላ ማስተርስ የሚከፍል ስኮላርሺፕ ስትፈልጉ ግን "አንድ አለህ" የሚል መልስ እንዳይገጥማችሁ፣ የስኮላርሺፑን ደንብ አገር ውስጥ ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡት።

8. ቀን ቁረጡ

ከላይ ያሉትን አይታችሁ "ዘንድሮ አይደለም" ካላችሁ፣ እንደገና የምታዩበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ሙሉ። እኔ ሚያዝያን እመርጣለሁ፤ ከሰኔ መዝጊያ በፊት ነው፣ ለመስከረም ምዝገባም ወረቀት ለማሰባሰብ ይደርሳል። "አሁን ነው" ካላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት የሚጀመረው የኮስት ሼሪንጉ ወረቀት ነው።

ልጅቷ ያን ቀን ቅጹን መልሳ አጠፈችው። ልምዷ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው፣ ጊዜው አላለፈባትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሮዬ መጣችና ደብተሯን አሳየችኝ፤ አሥራ ሦስት ማስታወቂያ ጽፋለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በትልቁ፣ "ለምንድነው ማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ስድስት ወር ሳይሞላው የሚለቀው?" የሚል አለ። "ይቺን ቅጹ ላይ ብጽፋትስ?" አለችኝ። መስመሯ ጠባብ ናት፣ ጀርባው ላይ ቀጥይ አልኳት።